ተተርትሮ የተሰፋ ቀበቶ

ክፉ ነገር ሲመጣ በር አያንኳኳም ይባላል። እሷ ዘንድ ግን በየቀኑ ያንኳኳል። ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ ሆዷን ባር ባር ይላታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ምክንያቱን መፈለግ ነው። ስልክ ቢጠራ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ባይጠራ ደግሞ የሞተው የሚደውለው ሰው ነው።

የምትሠራው ሸራና ቦርሳ በሚሰፋበት ቤት ነው። ጠባብ ቤት ናት፤ በአንድ በኩል የጥቅል ሸራ ክምር፣ በሌላው በኩል ወፍራም ጠፍር የሚበሱ የስፌት መኪናዎች፣ መካከል ላይ ደግሞ አሠሪዋ ሽማግሌ። ሽማግሌው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ሰው ነው። «ወይዘሪት ምናልባት» የሚል ስም ያወጣላትም እሱ ነው።

«ጋሼ፣ ምናልባት ዛሬ መብራት ቢጠፋስ?»

«ይጥፋ።»

«ምናልባት ደንበኛው ቀድሞ ቢመጣስ?»

«አንቺ ልጅ፣ ሰማይ የሚወድቅ ቀን ቀድመሽ የምትሰሚው አንቺ ነሽ። ያን ዕለት ብቻ ንገሪኝ፤ በጊዜ እዘጋለሁ።»

ስፌቷ ግን ስፌት ነው። እሷ የሰፋችው ማንገቻ ቦርሳው አርጅቶ ሲጣል እንኳ እሱ አይበጠስም።

ጠባዩን ከጎረቤት አልተዋሰችውም። አባቷ አንድ ጠዋት «መጣሁ» ብሎ ከቤት ወጣ፤ ሲመለስ የመጣው በሰው ትከሻ ነው። ከዚያ ወዲህ በቤታቸው «መጣሁ» ብሎ የሚወጣ የለም። እናቷ ለራሷ የታዘዘላት ማስታገሻ ክኒን አላት፤ በመሐረቧ ጫፍ ቋጥራ ነው የምትይዘው። ልጇ ፊቷ ገርጥቶ ባየች ቁጥር ከፍላ ትሰጣታለች።

«ግማሿን ዋጪ ልጄ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። እስኪደርስ ድረስ እንኳ ትንሽ ተኚ።»

ለጥቂት ጊዜ ዋጠች። ጭንቀቱ ራቅ አለ፤ ግን እሷም አብራ ራቀች። አንድ ቀን መርፌው ጥፍሯን በስቶ ሲያልፍ ያወቀችው ሸራው ላይ ደም ስታይ ነው። ሽማግሌው መኪናውን አጥፍቶ፣ ጣቷን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ «ነገ ወደ ጤና ጣቢያ፤ ከነገ ወዲያ ወደ ሥራ» አላት።

በማግሥቱ ጤና ጣቢያው ፎቅ ላይ፣ በመጠበቂያው ክፍል መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ተራዋን ትጠብቃለች። ድንገት ከላይ የሰው እግር መጣ። መጀመሪያ ጫማ፣ ከዚያ ጉልበት፣ ከዚያ አንድ ሙሉ ሰው በመስታወቱ ላይ ቁልቁል ሲወርድ አየች።

«ሰው ወደቀ!» ብላ ጮኸች።

በሽተኛው ሁሉ ከወንበሩ ተነሣ። አንዲት አሮጊት ቀጠሯቸውን ረስተው ወደ በሩ ሮጡ። የወደቀው ሰው ግን በገመድ ተንጠልጥሎ፣ ወገቡ ላይ ባልዲ አንጠልጥሎ፣ በእጁ የጎማ መጥረጊያ ይዞ ይስቃል። መስኮት አጽጂ ነው።

በኋላ የምታስታውሰው ሳቁን አልነበረም። ፊቷን ሲያይ ሳቁን ማቆሙን ነው። መዳፉን እርጥቡ መስታወት ላይ ለጠፈና እሷ እስክትተነፍስ ድረስ ሳያነሣ ጠበቀ። ከዚያ መዳፉ የነካበትን ቦታ ጠርጎ ወደ ታች ወረደ።

ስትወጣ በሩ ላይ አገኘችው። ገመዱን ጠምጥሞ ትከሻው ላይ አድርጎታል። አጠገቡ በሩን ያህል የሚሰፋ ባልደረባው ቆሟል።

«ቅድም የገደልሽኝ አንቺ ነሽ?» አላት አጽጂው።

«ይቅርታ… የወደቅህ መስሎኝ ነው።»

«የሚወድቅ ሰው ባልዲውን አያቅፍም።»

«በዚህ አይቀለድም!»

«በምን ይቀለድ ታዲያ?»

ግዙፉ ሰው ጣልቃ ገባ። «እቴ፣ እሱን ሸረሪት ይሉታል። እኔን መልህቅ። ጣሪያ ላይ ሆኜ ገመዱን የምጠብቀው እኔ ነኝ። እኔ በደንብ ከበላሁ እሱ አይወድቅም፤ ስለዚህ የምትጨነቂለት ከሆነ ምሳ ጋብዢኝ።»

ልትስቅ ስትል ዓይኗ የሸረሪት ቦርሳ ላይ አረፈ። «ማንገቻው በአንድ ክር ነው የተንጠለጠለው። ምናልባት ከላይ ወድቆ የሰው ራስ ቢመታስ?»

ሸረሪት ማንገቻውን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። «የት ነው የሚሰፋው?» አለ ቀስ ብሎ።

እንዲህ ነው የተጀመረው። ቦርሳው ተሰፋ፤ ሳምንት ሳይሞላ ጃኬቱ ተቀደደ፤ ቀጥሎ የመልህቅ ጃኬት ተቀደደ። ሽማግሌው መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ የሸረሪትን ጃኬት መረመረና «ይኼ የመቀስ ቅዳጅ ነው» አለ። ሸረሪት እስከ ጆሮው ቀላ። እሷ አንገቷን ደፍታ ሰፋችለት።

ስለ ሥራው ስትጠይቀው ሳይሰለች ያስረዳታል። «ቋጠሮውን አንዴ እኔ አየዋለሁ። አንዴ መልህቅ ያየዋል። ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም።»

«ምናልባት ሁለታችሁም ተሳስታችሁ ቢሆንስ? ሦስተኛ ጊዜ ብታዩት ምን ይጎዳል?»

«ሦስተኛ እጅ ያላላዋል እንጂ አያጠብቀውም። ቋጠሮ ሲነካካ አይወድም።»

ሰማችው። ግን አልገባትም።

ፍቅር ደስታዋን አበዛው፤ ፍርሃቷን ደግሞ ከዚያ አብልጦ አበዛው። ቀድሞ የምትፈራለት ሰው እናቷ ብቻ ነበረች፤ አሁን በየቀኑ ሰማይ ላይ የሚውል ሰው መጣባት። ትደውላለች። ሸረሪት ገመድ ላይ ሆኖ ስልክ አያነሣም፤ ስልኩ ጣሪያ ላይ ቦርሳው ውስጥ ነው የሚቀመጠው። የሚያነሣው መልህቅ ነው።

«አለ፣ ወይዘሪት ምናልባት። እንዲያውም እየዘፈነ ነው። የሚያስፈራው ድምፁ ነው እንጂ ከፍታው አይደለም።»

ጥቂት ቆይታ ትደውላለች። «አሁንም አለ።» ደግማ ትደውላለች። መልህቅ ስልኩን ሳይዘጋ ለራሱ ሲያጉረመርም ይሰማታል። «ይቺ ልጅ እኔን በልብ ድካም ትገድለኝና ገመዱን የሚይዝ ይጠፋል።»

የጤና ጣቢያው አማካሪ ጠና ያለች ሴት ነች፤ ስታዳምጥ እስክሪብቶ አትይዝም። «ክኒን የሚያስፈልገው ሰው አለ፤ አልነቅፈውም» አለቻት። «ሲታዘዝልሽ ግን ለአንቺ ታዝዞ ነው፤ ከእናትሽ መሐረብ ተፈቶ አይደለም። አንቺ ደግሞ ከመርፌ ጋር ነው የምትውይው። በሌላው መንገድ እንሞክረው።»

ሌላው መንገድ ቀላል ይመስል ነበር። ሲመጣባት አትሮጥም። አየሩን ረዘም አድርጋ ታስወጣለች። ከፊቷ ያለውን አንድ በአንድ በስሙ ትጠራለች፤ መቀስ፣ ክር፣ ሸራ፣ የጋሼ መላጣ። እጇን ሥራ ታስይዛለች። ከሁሉ የከበደው ግን መደወል ማቆሙ ነው።

«ደህና ነው ወይ ብሎ መጠየቅ እከክ ነው» አለች አማካሪዋ። «ስታኪው ደስ ይላል፤ ቁስሉ ግን ይሰፋል። ሳታረጋግጪ መቀመጥን መልመድ አለብሽ።»

«ምናልባት እኔ ሳልደውል አንድ ነገር ቢደርስበትስ?»

«ስትደውይለት ደርሶበት ቢሆን በስልክ ትይዥው ነበር?»

መደወሏን አቆመች። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ስልኳን የክር መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበት ዋለች። ከዚያ ቀለል አለ። ሸረሪት ሲወርድ ራሱ መደወል ጀመረ፤ «ዛሬ አልገደልሽኝም» እያለ። እናቷ እንኳ የልጇ ጉንጭ መሙላቱን አይታ፣ ክፉ ዓይን እንዳይሆን ብላ ሳትናገር ቀረች።

ፍርሃት ግን ከቤት ሲያስወጡት በጓሮ ይመለሳል። ከጉሮሮዋ ወረደና ጣቶቿ ውስጥ ገባ። የሰፋችውን መተርተር ጀመረች። አንዲት ቦርሳ ትሰፋለች፤ ምናልባት ክሩ ባይጠብቅስ ትላለች፤ ተርትራ ትደግማለች። አማካሪዋ ስለ ስልክ ነው የነገረቻት። ስለ መተርተር ማንም የነገራት የለም።

እንዲህ እያለ ሸረሪት ያን ቀበቶ ይዞ መጣ።

ከሥራዎቹ ሁሉ ትልቁ ሊጀመር ነበር፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ መስታወት የሆነ አዲስ ሕንፃ። «እሱን ስጨርስ እናትሽ ዘንድ እመጣለሁ» ብሏታል። ገመድ ላይ የሚያስረው መታጠቂያ ግን የወገቡ ጠፍር ስፌቱ ላልቷል። አዲሱ እስኪመጣ ይጠገን ተባለ።

«ሌላ ሰፊ ዘንድ ይወሰድ ሲሉኝ እንቢ አልኩ» አላት። «ከአንቺ እጅ ሌላ አላምንም።»

ይህን ሲላት የደስታም የፍርሃትም እንባ መጣባት። በወፍራሙ ክር፣ በወፍራሙ መርፌ ሰፋችው። ሽማግሌው ጫፍና ጫፉን ይዞ ጎተተውና «ዝሆን ይንጠልጠልበት» አለ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ይህ ታሪክ ሌላ ታሪክ በሆነ ነበር።

ሽማግሌው ለምሳ ሲወጣ ቀበቶውን እንደገና አነሣች። አንዷ ስፌት ጠመም ያለች መሰላት። ተረተረችው። ሰፋችው። አሁን ደግሞ ክሩ የላላ መሰላት። ተረተረችው። የሸረሪት አገጭ ላይ ያለችውን ትንሽ ጠባሳ፣ መስታወቱ ላይ የለጠፈውን መዳፍ እያሰበች፣ በየስፌቱ ላይ «እንዳይወድቅ፣ እንዳይወድቅ» እያለች ሰፋች። ከዚያም ተረተረች። መጨረሻ ላይ የሰፋችው ከሁሉም ያማረ ነበር፤ ጥቅጥቅ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ፣ እንደ ጥልፍ።

በማግሥቱ ጠዋት ሸረሪት ወሰደው። ዓይቶ ተደነቀ። «እጅሽ ይባረክ» ብሎ በመርፌ የተወጋውን ጣቷን ሳመ።

እሱ ከሄደ በኋላ አንዲት ደንበኛ ቦርሳዋን ልትወስድ መጣች። ሽማግሌው እንደ ልማዱ ማንገቻውን ጎተት አደረገው። «ጠጠጠጥ» አለ፤ ማንገቻው በእጁ ቀረ።

ሽማግሌው መነጽሩን አውርዶ ጠፍሩን ወደ ብርሃን ያዘው። ብርሃኑ በተደረደሩት ቀዳዳዎች አለፈ።

«ክሩ አልተበጠሰም» አለ ሽማግሌው። «ጠፍሩ ነው ያለቀው። ልጄ፣ ስንት ጊዜ ነው መርፌ ያስገባሽበት? ይኼ ስፌት አይደለም፤ ወንፊት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው።»

እሷ አልሰማችውም። ቀበቶው ነው የታያት።

ስልኳን አነሣች። ብዙ ጠርቶ መልህቅ አነሣው።

«መልህቅ! ቀበቶው…»

«ኧረ ወይዘሪት ምናልባት! ሸረሪት ተሽሏታል ብሎን አልነበር እንዴ? አለ፤ ሊወርድ እየተዘጋጀ ነው፤ ገመድ ይዣለሁ።» ተዘጋ። ደግማ ደወለች። አልተነሣም። ደግማ። ስልኩ ጠፍቷል።

ያን ሁሉ ጊዜ በከንቱ የጮኸችው ጩኸት ዛሬ የእውነቱን ጩኸት ዋጠው።

የተሳፈረችበት ታክሲ አደባባዩ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ መኪና በመኪና ላይ ተደርድሯል። ወርዳ በእግሯ ሮጠች። ግማሽ መንገድ ሳትሄድ አየሩ አለቀባት። ደረቷ ላይ ሰው የቆመ መሰላት፤ ዓይኗ ጨለመ። አንድ ግድግዳ ይዛ ቆመች። እጇ ቦርሳዋ ውስጥ ገባና ጠዋት እናቷ ያስጨበጠቻትን የተከፈለች ክኒን ነካ።

ብትውጣት ትረጋጋለች። ግን መቼ? ከዚያም በዚያ ድንዛዜ ለመልህቅ ምን ብላ ታስረዳዋለች? ዛሬ የምትፈልገው እንቅልፍ አይደለም፤ ራሷን ነው። እጇን ባዶውን አወጣች።

አየሩን አስወጣች። ረዥም። ከፊቷ ያለውን ጠራች። ግድግዳ። ጫማ የሚጠርግ ሰውዬ። ቀይ መኪና። ሕንፃው። ፍርሃቱ አልሄደም። «እሺ፣ አብረን እንሂድ» አለችው፤ ተያይዘው ሄዱ።

ሕንፃው በር ላይ ዘበኛው እጁን ዘረጋ። «ወዴት ነው እህቴ?»

«ጣሪያ።»

«ወደ ጣሪያ ማንም አይወጣም።»

«ወንድሜ፣ ገመድ ላይ ያለው ሰው ቀበቶው ሊበጠስ ነው። ከፈለግህ ይዘኸኝ ውጣ።»

ዘበኛው ፊቷን አየ። ምን እንዳየ እንጃ፤ ሊፍቱን ራሱ ጠራላት።

የጣሪያውን በር ስትከፍት ዓለም ዘመመ። ከፍታ ማለት ለእሷ ሞት ማለት ነው። መልህቅ ከግንቡ ጠርዝ አጠገብ ገመዱን ይዞ ተቀምጧል። ሸረሪት አይታይም። ገመዱ ተወጥሯል። ወርዷል ማለት ነው።

መጮኽ ፈለገች። ግን ብትጮኽ ይደነግጣል፤ ቢደነግጥ ይንፈራገጣል። ጩኸቷን ዋጠችው። ቀስ ብላ እስከ ጠርዙ ሄደች።

«መልህቅ፣» አለች በለሆሳስ፣ «ሸረሪት ያሰረው ቀበቶ ጠፍሩ አልቋል።»

«አንቺ ደግሞ! እዚህ ድረስ ‹ምናልባት› ብለሽ መጣሽ?»

«ምናልባት አላልኩም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ ደጋግሜ ተርትሬ ሰፋሁት። የእሱን አምሳያ ጋሼ አሁን በእጁ ቀደደው። ሳትጎትተው፣ ሳታስደነግጠው አውጣው።»

የመልህቅ ሳቅ ከፊቱ ላይ ተንጠፈጠፈ። ሸረሪት ሁለት ገመድ አለው፤ ሁለቱም የሚያያዙት ግን ያችው ጠፍር ላይ ነው። መልህቅ ጎንበስ ብሎ ገመዱን በጣቱ መታ መታ አደረገ። በእነሱ ቋንቋ «ቁም» ማለት ነው። ከዚያ ወደ ታች ተመልክቶ፣ ጨዋታ እንደሚያወራ ሰው ድምፁን አለዝቦ ተጣራ።

«ወንድሜ፣ ከጎንህ ያለችው በረንዳ ላይ እረፍ። ቀስ ብለህ፣ ሳትወዛወዝ። ሻይ ጠጥቼ ልምጣ።»

«አሁን ጀምሬ ምን ሻይ…»

«እረፍ አልኩህ እኮ!»

እሷ ወደ ታች አላየችም። ገመዱን ብቻ አየች። ገመዱ ወደ ጎን ሄደ፤ ተንቀጠቀጠ፤ ቆመ። ጊዜው ረዘመባት። ከዚያ ገመዱ ላላ። ወድቆ ይሁን አርፎ፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ማንም አላወቀም።

«አረፍኩ!» አለ ድምፁ።

መልህቅ ባለበት ተቀምጦ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

ሸረሪት በደረጃ ወጥቶ ጣሪያው ላይ ሲደርስ እሷን አየና ደነገጠ። ማንም አላስረዳውም። መልህቅ ቀበቶውን ከወገቡ ፈታ፤ አንዱን ጫፍ ረገጠና ሌላውን ሳብ አደረገው። «ጠጠጠጥ…» ያ ያማረ ስፌት፣ ክሩ ሳይበጠስ፣ ከነጠፍሩ ለሁለት ተከፈለ።

ሸረሪት ቁራጩን አንሥቶ አየው።

«ስንቴ ነው የተረተርሽው?»

«አላውቅም።»

«ለምን?»

«እንዳትወድቅ።»

ፊቱ አመድ መስሏል። ቁራጩን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ ዓይኗን ሳያይ በደረጃው ወረደ።

ከዚያ በኋላ ስልኩ አልጠራም። እሷም አልደወለችም፤ በዚህ ጊዜ በአማካሪዋ ምክር አይደለም፤ በሐፍረት ነው። መኪናዋ ላይ ተቀምጣ አንዴ ትሰፋለች፤ እጇ መተርተሪያውን ይፈልጋል፤ እጇን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ፍላጎቱ እስኪያልፍ ትጠብቃለች። ሽማግሌው ያይና ሻይ ያዝላታል። እናቷ ግን ተናገረች።

«ተገላገልሽ ልጄ። ባል ብለሽ ሬሳ ስትጠብቂ ከመኖር ይሻላል።»

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የስፌት ቤቱ በር ጨለመ። ሸረሪት ነው። ከስቷል። ሽማግሌው አየውና መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «መነጽሬን ልፈልግ» ብሎ ወጣ።

«ተቆጥተህ ሸሸኸኝ ብዬ ነበር» አለች።

«መጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር።» እጆቹን ዘረጋላት። ይንቀጠቀጣሉ። «አዲሱ ቀበቶ መጥቷል። ግንቡን መሻገር ግን አልቻልኩም። እግሬን አነሣለሁ፤ ያ ድምፅ ይመጣብኛል። መልህቅ በየቀኑ ‹አሞታል› እያለ ለአለቃችን ይዋሽልኛል። ለማን እንደምናገር አጣሁ። ይህን ነገር የሚያውቅ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ልቧ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ከአሁን በኋላ ወደ ላይ ባይወጣስ? ሌላ ሥራ ይይዝ ነበር፤ ምድር ላይ የሚሠራ። ጠዋት ሲወጣ በሰላም ትሸኘዋለች። ምንም ማድረግ አያስፈልጋትም፤ «ተወው፣ ይቅርብህ» ማለት ብቻ። እናቷ ስትጸልይለት የከረመችው ነገር እጇ ላይ ወድቆላታል። ቃሉ አፏ ውስጥ ሞላ።

ከዚያ ፊቱን አየች። ያንን ፊት ታውቀዋለች፤ በየጠዋቱ መስታወት ውስጥ ያየችው የራሷ ፊት ነው። ለዚህ ፍርሃት ነው አሳልፋ የምትሰጠው?

«ነገ አብሬህ እወጣለሁ» አለች።

በማግሥቱ ጣሪያው ላይ ሦስት ሆነው ቆሙ። ሸረሪት ቋጠሮውን አየ። መልህቅም አየው። እሷ ዓይኗን ወደ ሌላ መለሰች። ሸረሪት ግንቡ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ላብ በፊቱ ላይ ወረደ።

«አይለቀኝም» አለ።

«አይለቅህም። እኔንም እስካሁን አልለቀቀኝም። እስኪሄድ አትጠብቀው። አየሩን አስወጣ። አሁን የምታየውን ንገረኝ።»

«ገመድ። ባልዲ።» ወደ ጎን አየ። «የመልህቅ ሆድ።»

«እሱንማ ሩቅ አገር ያለ ሰውም ያየዋል» አለች።

«አይ እናንተ! ገመድ ይዤላችሁ ትሰድቡኛላችሁ?» አለ መልህቅ።

ሸረሪት ሳቀ። ሳቁ ሲንቀጠቀጥ ይሰማል፤ ግን ሳቅ ነው። አንድ እግሩን ግንቡ ላይ አደረገ። «አንቺስ ስወርድ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። ያላለቀ ሸራ አለኝ።»

«አትደውይም?»

«በጣም እፈልጋለሁ። አልደውልም።»

ተያዩ። ሁለተኛ እግሩን አሻገረ። እሷ ዞረችና በደረጃው ወረደች። መንገድ ላይ ስትደርስ አንገቷ በራሱ ሊዞር ታገላት፤ ወደ ላይ ሳታይ ሄደች። የስፌት መኪናዋ ላይ እንደተቀመጠች አምቡላንስ እየጮኸ አለፈ፤ የሄደበትም በሕንፃው አቅጣጫ ነው። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እጇን ብትዘረጋ ይደርስበታል። ሸራውን ወደ መርፌው አስገባች። አንዴ ሰፋችው። ቆረጠችው። ወደ ጎን አስቀመጠችው። ቀጣዩን አነሣች።

ፀሐይ ወደ ታች ስታዘነብል ሸረሪትን ከነባልዲው ከነገመዱ በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው። እጁ አሁንም ትንሽ ይንቀጠቀጣል። የእሷም ይንቀጠቀጣል። ተያይዘው ወደ ቤት ሄዱ።

እናቷ በሩን ከፍታ ሁለቱን በየተራ አየች፤ ከዚያ ገመዱን አየች። ወንበር ሰጠችው እንጂ ተቀመጥ አላለችውም። እሱም ቆሞ ነው የተናገረው።

«እናቴ፣ ልጅዎን ላገባ ነው የመጣሁት።»

«ገመዱን ትተዋለህ?»

«አልተውም፣ እናቴ።»

«እንግዲያው ትሞታለህ።» ይህን ስትል ድምፅዋ አልከረረም፤ የደረሰ ነገር እንደምትናገር ሰው ነው ያለችው። ወደ ልጇ ዞረች። «ሰማሽ? እንደ አባትሽ በሰው ትከሻ ያመጡልሻል።»

ልጅቷ እናቷን አየቻት። ያቺን ሴት ታውቃታለች፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በር ላይ የቆመች ሴት ነች። አየሩን ረዘም አድርጋ አስወጣች።

«ሊሆን ይችላል እማዬ» አለች። «እኔም ዘወትር የምፈራው ይህንኑ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ሚስቱ መሆን እፈልጋለሁ።»

እናትየው መሐረቧን በጣቶቿ መካከል አሸች፤ ፈታች፤ ቋጠረች። ወደ መስኮቱ ሄዳ ውጪውን አየች፤ ሰማዩ ላይ ጥቁር ደመና እየተሰበሰበ ነው።

«ነገ ኃይለኛ ንፋስ አለ ብሏል ሬዲዮው» አለች በመጨረሻ፣ ሳትዞር።

«ንፋስ ካለ አንወጣም፣ እናቴ» አለ ሸረሪት።

«ጨርሶ?»

«ጨርሶ።»

እናትየው መስኮቱን ዘጋችና መቀርቀሪያውን ገፋች።

«እንግዲያው ነገ ምሳህን እዚህ ብላ።»